ግራ፣ ቁጥር ሁለት

«እንዳትስቢው! አይሳብም አልኩሽ እኮ!»

ቀጮ እጇን ከመኪናዋ በር ላይ አነሳች። አልሳበችውም ነበር። ልትስበው ግን አስባ ነበር፤ አባቷ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶም ቢሆን የልጁን ሐሳብ የሚያነብ ሰው ነው።

«ኧረ አልነካሁትም አባዬ!»

«ትንፋሽሽን ስትይዢ ሰምቻለሁ። ክሮም በጉልበት አይወጣም። ጫፉን ይዘሽ ከጎተትሽው ይጎብጣል፤ አንዴ ከጎበጠ ደግሞ ሠሪው ራሱ ቢመጣ አያቃናውም። መጀመሪያ ክሊፑ የት እንዳለ በጣትሽ ፈልጊ። ከዚያ እዚያው ጋ ቀስ ብለሽ ፈልቅቂው።»

ቀጮ ካቻቢቴውን አስቀመጠችና ከአሮጌ ማስመሪያ የተቆረጠችውን ቀጭን እንጨት አነሳች። ካቻቢቴ ቀለም ይፍቃል፤ እንጨት ግን ምሕረት ያውቃል። እንጨቷን በበሩና በክሮሙ መሃል አስገብታ ገፋ አደረገቻት። ጠቅ! አንዱ ክሊፕ ለቀቀ። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሄዳ ደግማ ገፋች። ጠቅ! አምስተኛው ጠቅ ሲል የበሩን ያህል የሚረዝመው የሚያብረቀርቅ ጌጥ እጇ ላይ መጣ። ክብደቱ ምንም አይደለም። ሁለቱንም ጫፍ ይዛ፣ ትንፋሿን ሳትለቅ፣ ጥላው ሥር ወደተዘረጋው አሮጌ አንሶላ ወሰደችው።

ቀጮ የመዝገብ ስሟ አይደለም። እናትና አባቷ ተማክረው ያወጡላት ደህና ስም አላት፤ መምህራኖቿም በእሱ ነው የሚጠሯት። ጋራዡ ውስጥ ግን በጣቶቿ ምክንያት ቀጮ ናት። የአባቷ ጣት የማይደርስበት ቦታ፣ ከበሩ ሽፋን ጀርባ፣ ከመብራቱ ሥር፣ የእሷ ጣት ሰተት ብሎ ይገባል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ደግሞ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀለም መርጫውን በእጇ መያዝ።

አባቷ «መርጫ መጫወቻ አይደለም» ሲላት ኖረ። ትምህርት ቤት በተዘጋ በመጀመሪያው ሳምንት ይቺ ሰማያዊ አሮጌ መኪና ልትቀባ ስትመጣ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ልቡ ራራ።

«እሺ» አላት። «የዚህችን መኪና ክሮም በሙሉ ብቻሽን ትፈቺያለሽ፣ ብቻሽን መልሰሽ ትገጥሚያለሽ። ባለቤቷ አንዲት ቅሬታ ሳይኖራቸው ከተረከቡን፣ የሚቀጥለው መኪና ኮፈን ያንቺ ነው። ራስሽ ትቀቢዋለሽ።»

«ማልልኝ!»

«ልጄ ትሙት!»

«አባዬ! ልጅህ እኮ እኔ ነኝ!»

የመኪናዋ ባለቤት ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። አባቷን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ ቀጮንም እንዲሁ። መኪናዋ ከአባቷ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ለስንት ምጥ ስንት ጊዜ እንደሮጠች ቆጥሮ የሚዘልቅ የለም። እማማ ቁልፉን ሲያስረክቡ የቀጮን እጅ ይዘው አገላበጡት።

«እነዚህን ጣቶች ከሰው ሁሉ ቀድሜ የጨበጥኩት እኔ ነኝ። ያኔም እንዲሁ ሰበዝ ነበሩ። ሰማያዊዬን አደራ! እንደነበረች መልሱልኝ፤ ቀለሟም ያው ሰማያዊ ይሁን።»

አባቷ ሥራ ላይ ብዙ ሕግ የለውም። ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ከመኪና ላይ የወረደ ነገር ሁሉ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎበት ይጻፍበታል። ቀኝና ግራ የሚባለው ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲታይ ነው፤ ቁጥሩ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጭረትም ሆነ ስርጉድ ካለው የቱ ጋ እንዳለ በሴንቲሜትር ይጻፋል። ሁለተኛው ሕግ አጭር ነው፤ ያልተባለውን አትንኪ።

ቀጮ አንደኛውን ሕግ ከአባቷ በላይ ትወደዋለች። አንሶላው ላይ ያስቀመጠችውን ክሮም ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ዳበሰችው። ከበሩ እጀታ ትይዩ ላይ ጣቷ ቆመ። አንዲት ስርጉድ አለች፤ አውራ ጣት ልክ የሚገባባት፣ መሃሏ ላይ ሹል መስመር ያላት። ማስመሪያ አመጣችና ፕላስተሩ ላይ ጻፈች።

«ግራ 2። የሹፌር በር። ስርጉድ አንድ፣ ከኋላ ጫፍ 31 ሴንቲ፣ አውራ ጣት የሚያህል።»

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ይሄን ታሪክ የሚያወራው ባልተገኘ።

አባቷ ቀጣዮቹን ቀናት ውስጠኛው ክፍል ነበር፤ ዝገት ሲፍቅ፣ ስቱኮ ሲለጥፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ። ቀጮ ውጪ ጥላው ሥር ክሮሞቹን ታጥባለች፣ ትወለውላለች። ሌሎቹ አሥራ ሁለት ክሮሞች ተወልውለው ፊት ማሳያ ሆኑ። ግራ ሁለት ግን ስርጉዷ አስቀየመቻት። አንድ ብጉር ያለበት ፊት ሲታይ ዓይን የሚሄደው ብጉሩ ላይ አይደል? የሷም ዓይን እሷ ላይ ቀረ።

ደግሞም ትችላለች። ሰው ሁሉ ክሮም ይለዋል እንጂ የበሩ ጌጥ ቅብ የለውም፤ ዝገት የማይዘው ስስ ብረት ነው፣ ቢፈቀፍቁት አይላጥም። አባቷ እንዲህ ያለውን ሲያቃና ስንቴ አይታለች። ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ጠንካራ እንጨት ላይ አስተኛችው። ከጀርባው፣ ባዶው በኩል፣ በትንሿ መዶሻ ነካ፣ ነካ፣ ነካ። ከዚያ በውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት፤ ሻካራ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ ቀጥሎ ከሁሉም የሚለሰልሰው። በመጨረሻ በጨርቅና በመወልወያ ቅባት። የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀባት፤ አንገቷ ደነዘዘ። ሲያልቅ ግን ስርጉዷ እዚያ ነበረች ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ሕግ ትዝ አላላትም ማለት አይቻልም፤ ትዝ ብሏታል። «ይሄ መንካት አይደለም፣ ማዳን ነው» ብላ ራሷን አሳመነች። ለአባቷም አልነገረችውም። እማማ ሲያዩ «ውይ ልጄ!» ብለው ግንባሯን ሲስሟት፣ አባቷም በኩራት ሲስቅ ታያት። እሷ እንዲያውም መርጫውን የያዘች ያህል ነበር የተሰማት።

መኪናዋ ተቀብታ በሦስተኛው ቀን፣ ክሮሙ ሊገጠም አንድ ቀን ሲቀረው፣ እማማ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ድንገት ብቅ አሉ። አባቷ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። ሰማያዊዋ አዲስ ቀለሟን ለብሳ ጋራዡ በር ላይ ቆማለች፤ ያለ ክሮሟ ግን ጥርሷን ያወለቀች መስላለች።

«እሰይ! እሰይ!» አሉ እማማ፣ ዙሪያዋን እየዞሩ። «ሠርግ ያላት ነው የምትመስለው! አባትሽ እጁ ይባረክ።» ከዚያ የሹፌሩ በር ጋ ቆሙና አውራ ጣታቸውን ባዶው በር ላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ፣ ክሮሟ ላይ፣ አንዲት ስርጉድ አለች። አይተሻታል?»

የቀጮ ልብ ዘለለ። ምስጋናው ከጠበቀችው ቀን ቀድሞ መጣ ማለት ነው። «አይቻታለሁ እማማ! እንዲያውም እሷን እኮ...»

«ልጄ ነው የሠራት» አሉ እማማ።

«ልጅዎት?» አለች ቀጮ።

«ስድስት ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ የትምህርት ቀኑ። ‘እጅህን ይዤ ራሴ ነኝ የማስገባህ’ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ጫማው ተወልውሎ፣ ደብተሩን አቅፎ፣ እዚህችው መኪና ውስጥ ተቀምጧል። መንገድ ስንጋመስ አንድ ሰውዬ እየሮጠ መጣና መስኮቱን ደበደበው፤ ሚስቱ አምጣለች። ምን ላድርግ? ‘መጣሁ፣ ጠብቀኝ’ አልኩትና ሰውዬው ቤት ገባሁ። ሕፃኑ በእግሩ መጣ፣ እናቲቱም ደማች። ብቻ ስወጣ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። የኔው ጉድ ድንጋይ አንስቶ የመኪናዋን በር ሲመታ ደረስኩ።»

«ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? በጥፊ አጮልኩታ! ደክሞኛል፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሕይወቴ እጄን ያነሳሁበት ያን ቀን ብቻ ነው። ለብረት ብዬ!» እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነው በሽታ ወሰደብኝ። ስንቱ ባትላሜራ ‘ላቃናልዎት’ ብሎኛል መሰለሽ፤ አሻፈረኝ አልኩ። በሩን በከፈትኩ ቁጥር አውራ ጣቴ እዚያች ላይ ታርፋለች። ‘ይቅር በለኝ ልጄ’ እለዋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ። እኔ እንጃ፣ የአሮጊት ነገር ብለሽ ተዪው።»

ቀጮ ዓይኗ አንሶላው ወዳለበት ጥላ እንዳይሄድ ታገለች።

«አለች አይደል?» አሉ እማማ። የጠየቁት እንዲሁ ለወጉ ነው፤ መልሱን የተጠራጠሩ አይመስሉም።

«አለች» አለች ቀጮ።

እማማ ጉንጯን ነካ አድርገዋት ሄዱ። ቀጮ ጃንጥላቸው ከመንገዱ ጥግ እስኪሰወር ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እንደዚያ ሆና ያገኛት ፕሮፌሰር ነው። ፕሮፌሰር የአክስቷ ልጅ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቱ፣ ከክፍሉ ሠላሳ አራተኛ፣ በዓለም ላይ ግን መልስ የማያውቅለት ጥያቄ የለም። ነገሩን በሙሉ ነገረችው። ስታለቅስ ንፍጧን በእጅጌዋ ትጠርግ ነበር።

«ይሄ ነው?» አላት። «አቦ አታካብጂ! ስርጉድ ጠፋ? ስርጉድ ሥሪያ!»

«ምን?»

«የት እንደነበረች ጽፈሻል። ስፋቷንም ጽፈሻል። በድንጋይ ነው የተመታው፤ ድንጋይ ደግሞ በሽ ነው። መልሰሽ ሰርጉጂዋ! እማማ ደስ ይላቸዋል፣ አንቺ መርጫሽን ትይዣለሽ፣ እኔ ለምክሬ ለስላሳ እጋበዛለሁ። ማን ይጎዳል? አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ቀጮ አንድ ሰው ለመጥራት አሰበች፤ አጣች። ያናደዳትም ይሄው ነው። ፕሮፌሰር አንዳንዴ ልክ ይሆናል።

መጀመሪያ ከወዳደቀ መኪና የተፈታ አሮጌ ክሮም ላይ ሞከሩ። የመጀመሪያዋ ስርጉድ ምስማር የወጋው መሰለች። ሁለተኛዋ ሳህን አከለች። ለሦስተኛዋ ፕሮፌሰር ከአጥሩ ሥር ጠርዝ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ አመጣ። ቀጮ አንዴ ብቻ አሳረፈችው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ፤ አውራ ጣት ልክ የሚገባባት፣ መሃሏ ላይ ሹል መስመር ያላት።

«ቁርጥ ራሷን!» አለ ፕሮፌሰር። «እጅሽ ነፍስ ነው! በይ አሁን እውነተኛውን።»

ቀጮ ግራ ሁለትን አመጣች። እንጨቱ ላይ አስተኛችው። ማስመሪያዋን ዘርግታ ከኋላ ጫፍ ሠላሳ አንድ ሴንቲ ለካችና በእርሳስ ነጥብ አደረገችበት። ድንጋዩን አነሳች። ነጥቧን አየቻት። ድንጋዩ ትንሽ ያዘነበለ መሰላትና አስተካክላ ያዘችው። እንደገና ነጥቧን አየቻት።

የስድስት ዓመት ልጅ ነጥብ አድርጎ አይመታም። ማስመሪያ አይዝም። አዲስ ጫማውን አድርጎ ግማሽ ቀን ከጠበቀ በኋላ፣ እናቱን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ፣ ተናዶ ነው የመታው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ፕሮፌሰር።

«ነገ በሩን ሲከፍቱ» አለች ቀጮ ቀስ ብላ፣ «አውራ ጣታቸውን እዚህ ላይ ያሳርፋሉ። ‘ይቅር በለኝ ልጄ’ ይላሉ።»

«እንዲሉ አይደል እንዴ የምንሠራው?»

«ለማን ነው የሚሉት ግን? ይቺን የሠራኋት እኮ እኔ ነኝ። እማማ ይቅርታ የሚጠይቁት እኔን ነው። በየቀኑ።»

ፕሮፌሰር ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን አላሰብኩትም» አለ በመጨረሻ፤ ፕሮፌሰር እንዲህ ብሎ የሚያውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀጮ ድንጋዩን አጥሩ ሥር መለሰችና የእርሳስ ነጥቧን በአውራ ጣቷ አጠፋቻት።

አባቷ ሲመለስ ጀምበር ልታዘቀዝቅ ነው። እጁን በሳሙና እየፈተገ ሳለ አጠገቡ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ መዶሻው፣ ስለ እማማ ልጅ፣ ስለ ድንጋዩ። አባቷ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አለ። ከዚያ እጁን አደረቀ፤ የደረቀውን እጅ ደግሞ አደረቀው። «እኔም አላወቅኩም። ‘እንደነበረች’ ሲሉኝ ቀለሟን መስሎኝ።» ፎጣውን ሰቀለ። «አለች አይደል ሲሉሽስ ምን አልሻቸው?»

«አለች አልኳቸው።»

አባቷ ልጁን አያት፤ ዓይኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ቲማቲም መስሏል። ሆዱ ባባ። «ልንገርልሽ? ጋራዡ የኔ ነው። የኔ ጥፋት ነው ብላቸው ይቀበሉኛል።»

ቀጮ እሺ ልትል ነበር። «እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። «የመታሁት እኔ ነኝ» አለች። «የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ክሮሞቹን መግጠም ጀመረች። በአዲሱ ቀለም ጠርዝ ላይ ፕላስተር ለጠፈች፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ዝገት እንዳይገባ ግራሶ ቀባች፣ ክሊፖቹን ከመሃል ጀምራ ወደ ጫፍ እየሄደች ተጫነቻቸው። ጠቅ። ጠቅ። ሰማያዊዋ ጥርሷን አንድ በአንድ መለሰች። ሦስት ሰዓት ሲሆን የቀረው ግራ ሁለት ብቻ ነው፤ ፕላስተሩ እንደተለጠፈበት። ቀጮ ጉልበቷ ላይ አስተኝታው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

እማማ መጡ። የሹፌሩ በር ባዶ መሆኑን አዩ። ከዚያ የቀጮን ፊት አዩ፤ የሰው ፊት አይቶ ነገር ማወቅ ሥራቸው ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እማማ፣ ስርጉዷ የለችም።» አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አልቻለችም። «አቃናኋት። ማንም አላዘዘኝም፤ ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው። ትናንት ሲጠይቁኝ አለች ያልኩት ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው። ከዚያ ደግሞ በድንጋይ መልሼ ልሠራት ነበር፣ አልቻልኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እማማ እጃቸውን ዘረጉና ክሮሙን ተቀበሏት። አውራ ጣታቸው ከኋላ ጫፍ ተነስቶ ሄደ፤ ሠላሳ አንድ ሴንቲ ላይ ያለ ማስመሪያ ቆመ። ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ። ምንም የለም። ፊታቸው ሲጠቁር ቀጮ አየች፤ የዚያን ልጅ ጥፊ እሷ ብትቀምሰው ተመኘች።

ከዚያ እማማ ክሮሙን ገለበጡት። በባዶው በኩል ጣታቸውን አስገብተው ዳበሱ፤ ዕድሜ ልካቸውን ዓይን የማያየውን በጣት ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው። ጣታቸው ቆመ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ቀጮ ጎንበስ አለች። ጀርባውን አልወለወለችውም ነበር፤ ማንም የክሮም ጀርባ አይወለውልም። እዚያ፣ በአርባ ዓመት አቧራ መሃል፣ ቀጭን መስመር አለች። ዙሪያዋን ደግሞ ጥቃቅን ክቦች።

«የድንጋዩ ናት» አለች ቀጮ። «መሃሏ ላይ የነበረችው ሹሏ መስመር። ከዚህ በኩል አልጠፋችም።»

«እነዚህ ትናንሾቹስ?»

«የኔ መዶሻ ናቸው።»

«ኧረግ!» አሉ እማማ። «እሱ አንዴ ነው የመታው፤ አንቺ ግን ስንቴ ቀጠቀጥሻት!» ሊስቁ ነበር፤ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አዝኛለሁ። አልዋሽሽም፤ በጣም ነው ያዘንኩት።»

«አውቃለሁ እማማ።»

«አታውቂም። ይሁን።» ጣታቸውን ከመስመሯ ላይ አላነሱም። «ያን ቀን ለልጄ አጥፍቻለሁ አላልኩትም፤ ታውቂያለሽ? አንድም ቀን። ነገ እለዋለሁ፣ ነገ እለዋለሁ ስል አደገ፤ ከዚያ ሄደ። ለብረት ነው ስነግር የኖርኩት። አንቺ ግን ይኸው ፊቴ ላይ ቆመሽ ነገርሽኝ።» ክሮሙን መለሱላት። «በይ ግጠሚው፤ ሰማያዊዬ ራቁቷን አትቁም።»

ቀጮ ከበሩ ጋ ተንበረከከች። ከመግጠሟ በፊት ፕላስተሩ መላጥ አለበት፤ ላጠችው። ‘ስርጉድ አንድ፣ ከኋላ ጫፍ 31 ሴንቲ፣ አውራ ጣት የሚያህል።’ ልትጥለው ጨበጠችው። ከዚያ እጇን ፈታችና ክሮሙን ገልብጣ ፕላስተሩን በውስጥ በኩል፣ መስመሯ ላይ፣ ጫን አድርጋ ለጠፈችው። አባቷ አይቷል። የመጀመሪያውን ክሊፕ አቀበላት።

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

«እንግዲህ እማማ» አለ አባቷ፣ ቁልፉን ሲያስረክብ። ከሁሉም ባለመኪና የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው። «ቅሬታ አለዎት?»

ቀጮ መሬት መሬቱን አየች።

«አለኝ እንጂ!» አሉ እማማ። «አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እሷም ታውቃታለች።» የቀጮን ጣቶች አንዴ ጨበጥ አድርገው ለቀቁና ወደ በሩ ዞሩ። አውራ ጣታቸው ከልማዱ ወደዚያው ቦታ ሄደ፤ ለስላሳ ብረት አገኘ። እዚያው ትንሽ ቆየ። ከንፈራቸው ተነቃነቀ፤ ምን እንዳሉ አልተሰማም። ገብተው ሞተሩን አስነሱ።

በማግስቱ ሌላ መኪና ገባ፤ አረንጓዴ፣ አሮጌ፣ ባለቤቱ የሚቸኩል ወፍራም ነጋዴ። ኮፈኑ ሰፊና ሜዳ ነው፤ ለጀማሪ እጅ የተሠራ ይመስላል። አባቷ መርጫውን አጥቦ መስቀያው ላይ ሰቀለና ወደ ቀጮ አየ። ቀጮ ወደ መርጫው አላየችም። የወረቀት ፕላስተሩንና እርሳሷን ይዛ ወደ ሰውዬው ሄደች።

«ጋሼ፣ ከመጀመራችን በፊት» አለችው፣ «እንዳይነካብዎት የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«እንዳይነካ? አሮጌ መኪና ነው እኮ፣ ምን...» ብሎ ጀመረና ሰውዬው ሳይጨርስ ዞር ብሎ መኪናውን አየው። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተና፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጣቱ አንድ ቦታ አሳያት።

ቀጮ ፕላስተሩን ቀደደችና መጻፍ ጀመረች።